ባት ለምን ይቀጥናል? ቀዶ ሕክምናስ ምን ያደርግለታል?



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በአደባባይ ብዙ አይነሳም፤ በሹክሹክታ ግን ዘወትር ይጠየቃል። አንዲት ወጣት ለጨጓራ ወይም ለራስ ምታት ብላ ትመጣለች፣ ትመረመራለች፣ መድኃኒቷን ትቀበላለች፤ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም ብላ «ዶክተር፣ ባት የሚሞላ ሕክምና አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?» ትላለች። ወንዶቹም ይጠይቃሉ። ቁምጣ ለብሶ ሜዳ መግባት ያቃተው፣ በሙቀቱም ጊዜ ሱሪ ደርቦ የሚወጣ ጎረምሳ አለ። በእነዚህ ልጆች መሳቅ አይገባም። በአገራችን ባት ይታያል፣ ይመሰገናል፣ በዘፈን ይነሳል። እዚህ በሰቆጣ፣ ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ የዋግ ልጃገረዶች ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሲወጡ ሰው ሁሉ ስለ ሹሩባቸውና ስለ ቀሚሳቸው ያወራል፤ በቀጭን ባቷ ቅጽል ስም የወጣላት ልጅ ግን ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ አስረዝማ ከጓደኞቿ ኋላ ትቆማለች።

ስለዚህ በግልጽ ልመልስ። አዎ፣ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና አለ። እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያስከፍል እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ባት የሚቀጥነው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ መልሱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ስለ ቢላና ስለ ሲሊኮን ማውራት ትልቅ ስሕተት ነው። በተለይ በዋግ።

ከጉልበት በታች፣ ከኋላ በኩል ያለውን ቅርጽ የሚሰጡት በዋናነት ሁለት ጡንቻዎች ናቸው። ላይኛው ሁለት ራስ ያለውና በቀኝና በግራ ጎልቶ የሚታየው ነው። ሰፊውና ጠፍጣፋው ከሥሩ ይተኛል። ሁለቱም ወደ ታች ወርደው በአንድ ወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ይያያዛሉ። የአንዱ ሰው ጡንቻ ረዥም፣ ጅማቱ አጭር ይሆናል፤ እግሩ እስከ ታች ድረስ ሙሉ ሆኖ ይታያል። የሌላው ጡንቻ ደግሞ ከጉልበት ሥር አጠር ብሎ ያበቃና ረዥም ጅማት ይከተለዋል፤ እግሩ ቀጭን ይመስላል። የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው፤ ከእናት ከአባት ይወረሳል። ስፖርት ጡንቻውን ያወፍረዋል እንጂ ጅማቱን ጡንቻ አያደርገውም።

እንዲህ ያለው ቀጭን ባት በሽታም ጉድለትም አይደለም፤ ለሯጭ እንዲያውም ሀብት ነው። ሰው ሲሮጥ እግሩን ከዳሌው ጀምሮ ይወረውራል፤ ክብደቱ ከዳሌ በራቀ መጠን ብዙ ጉልበት ይበላል። ከታች የቀለለ እግር በትንሽ ጉልበት ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የኤርትራ ምርጥ ሯጮችን ከስፔን ምርጥ ሯጮች ጋር አወዳድሮ ነበር። የኤርትራውያኑ የባት ዙሪያ በአማካይ 31 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ የስፔናውያኑ 34 አካባቢ ነበር። በእኩል ፍጥነት ሲሮጡ ታዲያ ያነሰ ኦክስጅን የፈጁት ባተ ቀጭኖቹ ናቸው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ዓለም ያየው እግር ቀጭን የደገኛ እግር ነበር። ይህን የምለው ላጽናናችሁ ብዬ አይደለም፤ የሰውነት አሠራር ነው።

የዚሁ ጀግና ታሪክ ግን ወደ ሁለተኛው ምክንያት፣ ወደ በሽታና ጉዳት፣ ይወስደኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 ከደረሰበት የመኪና አደጋ በኋላ አበበ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖም ቀስት እየወረወረ ተወዳደረ። ጡንቻ በነርቭ ትእዛዝ የሚኖር ነገር ነው። ነርቭ ሲቆረጥ ወይም ሲታመም ጡንቻ ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ ይከሳል። አባቶቻችን ልምሻ የሚሉት ፖሊዮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በአከርካሪ ውስጥ ያሉትን፣ ጡንቻ የሚያዙትን ሕዋሳት ይገድላል። በዕድሜ ከገፉት መካከል አንድ እግራቸው ከልጅነት ጀምሮ ቀጥኖ የቀረ ሰዎችን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክትባት ይህን ለውጦታል፤ የአፍሪካ አህጉር ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ነው። ከክትባቱ የሚነሳ ሌላ ዝርያ ግን አሁንም ብቅ ይላልና ጠብታው አይቋረጥ።

ቆልማማ እግር ይዞ የሚወለድ ሕፃንም አለ፤ በዓለም ደረጃ ከሺህ ልጅ አንዱ ግድም ማለት ነው። ሕክምናው ዛሬ በአብዛኛው ትልቅ ቀዶ ጥገና አይፈልግም። ሐኪሙ እግሩን በእጁ ቀስ እያለ ያቃናና በየሳምንቱ ጀሶ ይቀይራል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ያህል። ከዚያ ብዙውን ጊዜ የተረከዙን ጅማት በትንሹ ቆርጦ ያላላል፤ ልጁም እስከ አራት አምስት ዓመቱ ሌሊት ሌሊት ልዩ ጫማ ያደርጋል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል በዚህ ሥራ ይታወቃል። እናቶች አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ እግሩ ተቃንቶ ልጁ ሮጦ ቢጫወትም እንኳ ባቱ ከሌላው ቀጠን ብሎ ይቀራል። ሕክምናው ስለከሸፈ አይደለም፤ ጡንቻው ከውልደቱ ያነሰ ስለሆነ ነው።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ ጦርነት መጥቶብናል። ጥይት ወይም ፍንጣሪ የእግር ነርቭ የመታባቸው፣ ወራት በጀሶ የተኙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። የእነዚህ ባት የቀጠነው ትናንት ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ የመጀመሪያው ሐኪም ፊዚዮቴራፒስት ነው። በባሕር ዳርና በደሴ ያሉት የአካል ተሀድሶ ማዕከላት ድጋፍ ይሠራሉ፣ እግር ያሠለጥናሉ። ነርቩ ጨርሶ ሞቶ የእግር መዳፍ ወደ ታች ለተንጠለጠለበት ሰው ደግሞ ከሌላ ቦታ ጅማት አዙሮ እግሩ እንዲነሳ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲል ይህን ዕውቀት በአገራችን ካሳደጉት ተቋማት አንዱ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና የባትን መልክ አይለውጥም፤ ሰውየው ግን ደረጃ ይወጣል።

ከእናንተ መካከል አንድ እግሩ ከሌላው ጎልቶ የቀጠነ፣ ወይም በቅርብ ወራት መቅጠን የጀመረ፣ ወይም ከመቅጠኑ ጋር መደንዘዝና መሰናከል የመጣበት ካለ፣ የውበት ሐኪም ከማሰቡ በፊት ይመርመር። መለካቱ ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ሁለቱንም እግር መሬት አስነኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር በባታችሁ ወፍራም ቦታ ዙሩት፤ ሳታጠብቁ፣ ሳታላሉ። ቁጥሩን ጻፉ፣ ሌላውንም ለኩ፣ ከወር በኋላ ድገሙት። የሁለት እግር ጥቂት ልዩነት የተለመደ ነው፤ እየሰፋ የሚሄድ ልዩነት ግን አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ረሃብ ነው። በሰቆጣ ቆሜ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ያነሳው መሐመድ አሚን ከጎረቤታችን ከኮረም ለዓለም ያሳዩት ምስል የቀጭን እግሮች ምስል ነበር። ያ ምስል ስንት ዳቦ እንዳመጣ አውቃለሁ። ግን በአካባቢው ሰው ልብ ውስጥ ሌላም ነገር ትቷል ብዬ አምናለሁ፤ ቀጭን እግር የድህነት ማስረጃ ሆኖ ቀረ። «የረሃብ እግር» የተባለ ልጅ ባቱን የሚደብቀው መልኩን ብቻ አፍሮ አይደለም። ሐምሌ 2007 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቆም ቃል ሲገባ ቃሉን የሰየመው በዚህች ከተማ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉት የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ጀመረ። በሕፃንነቱ የተቀነጨረ ልጅ አጥንቱም ጡንቻውም ያንሳል። ለዚህ ባት ሲሊኮን መድኃኒት አይሆንም፤ መድኃኒቱ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሺህ ቀናት፣ በእናት ጡት፣ በእንቁላል፣ በወተት፣ በንጹሕ ውኃ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላሳያችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጅ ስትመረምር ክንዱን በቀለማዊው መለኪያ ትለካለች፤ ከስድስት ወር በላይ ሆኖ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ቀጥላ ግን ወደ እግሩ ትወርዳለች። ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በሁለቱ እግሮቹ ጀርባ ላይ ታስቀምጥና ለሦስት ሰከንድ ያህል ትጫናለች። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ ካልተመለሰ ልጁ አብጧል፤ ያ እብጠት ብቻውን ከባድ የምግብ እጥረት ነው። እናቱ «እግሩ ሞላልኝ» ብላ የተደሰተችበት ልጅ ለሞት የቀረበ ሊሆን ይችላል። በጎጃም ደጋ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔም እግርን ያወፍራል። የሞላ እግር ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ የቀጠነም ሁሉ በሽተኛ አይደለም።

ለአረጋውያንም አንድ ቁጥር ልስጥ። የአረጋውያንን የምግብ ሁኔታ ለመለየት በዓለም ላይ የሚሠራበት አንድ ቅጽ አለ፤ የባት ዙሪያ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ እንደ አደጋ ምልክት ይቆጥረዋል። ያ የሯጭ 31 እና የአያታችን 31 አንድ አይደሉም። ሯጩ ሲወለድም ቀጭን ነበር፤ አያታችን የነበራቸውን ነው ያጡት።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ጤነኛ ነኝ፣ አድጌ ጨርሻለሁ፣ እበላለሁ፣ ባቴ ግን አይሞላም የሚል ሰው ምን አማራጭ አለው?

ቢላ የሌለበት መንገድ ይቀድማል። ደረጃ ላይ በጣቶች ቆሞ ተረከዝን ዝቅ አድርጎ ማንሳት፤ ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲሠራ ላይኛውን ጡንቻ ያሳድጋል፣ ተቀምጦ ሲሠራ ታችኛውን። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ የጃፓን ጥናት ሰዎች አንዱን እግር ቆመው፣ ሌላውን ተቀምጠው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንት እንዲያሠሩ አድርጎ፣ ቆመው የሠሩበት እግር ላይኛው ጡንቻ ጎልቶ ማደጉን አሳይቷል። ክብደቱ እየጨመረ መሄድ አለበት። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ከገጠር ቀበሌዋ ሰቆጣ ገበያ ድረስ ሸክም ተሸክማ ዳገት ቁልቁለቱን የምትመላለስ ልጅ እንቅስቃሴ አላነሳትም። ያነሳት ያንን እንቅስቃሴ ወደ ሥጋ የሚለውጥ ምግብ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው አንዱ ሲሊኮን መትከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ካርልሰንና ግሊሴንስታይን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየፊናቸው አሳተሙት፤ የግሊሴንስታይን ጽሑፍ በቀጥታ የከሱ እጅና እግሮችን ስለ ማስተካከል ነበር። ሥራው ከቁንጅና ብቻ እንዳልተነሳ ልብ በሉልኝ። በሽተኛው ማደንዘዣ ይወስዳል፣ በደረቱ ይተኛል። ሐኪሙ ከጉልበት ኋላ፣ ቆዳው በሚታጠፍበት መስመር ላይ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሰነጥቃል። ጡንቻውን የሸፈነውን ጠንካራ ሽፋን ከፍቶ ከሥሩ ኪስ ያዘጋጃል፤ ለስላሳ ግን የማይፈስ፣ ረዘም ያለ ሲሊኮን በውስጡ ያስገባና ይሰፋዋል። አንዳንዱ ሐኪም ከጡንቻው ሥር ያስገባዋል። ሰውየው በቀናት ውስጥ እያነከሰ መራመድ ይጀምራል፤ ሩጫና ከባድ ሥራ ለሳምንታት ይከለከላል። ጉልበትን ደጋግሞ ማጠፍና መዘርጋትም ስፌቱን ያስጨንቃል፤ ስለዚህ በሕማማት ስግደት የማያስታጉል ሰው ቀጠሮውን ከዚያ ጊዜ ያርቀው።

የሚያስከፍለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ሲሊኮኑ ከቦታው ሊንሸራተት፣ በጣም በቀጠነ ቆዳ ሥር ደግሞ ጠርዙ ሊታይ ይችላል። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ጠባሳ እያበጠ የሚያድግ፣ ኬሎይድ የሚሉት ነገር በብዛት ይከሰታል፤ ከዚህ በፊት ጆሮውን ሲበሳ ወይም ሲቆረጥ ጠባሳው ያበጠበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ቢላ ሥር አይተኛ።

ከሁሉ የሚከፋውን እናንተ ከብዙ የከተማ ሰው በተሻለ ታውቁታላችሁ። ወጌሻ የተሰበረ እግር አጥብቆ አስሮ እግሩ የጠቆረበት ልጅ ታሪክ በየአካባቢው አለ። የባት ጡንቻዎች የማይለጠጥ ሽፋን ባላቸው ክፍሎች ውስጥ የታሸጉ ናቸው። ከውጭ በእስር ሲጨመቁ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከውስጥ ሲሊኮንና ደም ሲጨመርባቸውም እንዲሁ። ግፊቱ ከመጠን ካለፈ ደም መዘዋወር ያቆማል፣ ጡንቻና ነርቭ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። በባት ተከላ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን እግር ያሳጣል። ምልክቱ ማስታገሻ የማይመልሰው፣ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ የሚብስ ሕመም ነው፤ መደንዘዝም ይከተላል። ይህ ሲመጣ እስኪነጋ አይጠበቅም። የወጌሻን እስር በተመለከተም ምክሬ ያው ነው፤ ልጁ አሞኛል እያለ ከጮኸ እስሩ ይፈታ።

ሌላው መንገድ የራስን ስብ መውሰድ ነው። ከሆድ ወይም ከጭን ስብ በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል፣ ይጣራል፣ በባት ላይ በጥቂት በጥቂቱ፣ በየንብርብሩ ይወጋል። ባዕድ ነገር የለውም፣ ጠባሳውም ትንሽ ነው። ከተተከለው ስብ ግን ሲሶው፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ተመልሶ ይጠፋል፤ ስለዚህ መድገም ይመጣል። ስቡ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሳንባ ድረስ ሄዶ ሊገድል ይችላል። ሌላ ችግርም አለው፤ ባቱ የቀጠነ ሰው ብዙ ጊዜ ሆዱም የቀጠነ ነው። የሚወሰድ ስብ ከየት ይመጣል?

ሁለቱም መንገዶች ጉልበት አይጨምሩም። ሲሊኮን አይኮማተርም፣ ስብ ተረከዝ አያነሳም። በልምሻ የከሳ ባት ሲሊኮን ቢገባለት መልኩ ይመጣጠናል፣ እርምጃው ግን ያው ነው። መመጣጠኑ ራሱ ለሰውየው ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያንን አልንቅም። ዕድሜ ልኩን አንድ እግሩን ሲደብቅ የኖረ ሰው ሁለት እኩል እግር ሊኖረው ቢፈልግ ቅንጦተኛ ልለው አልችልም።

አጥብቄ የምቃወመው አንድ ነገር አለ። ባት፣ ዳሌ ወይም መቀመጫ ይሞላል ተብሎ የሚወጋ ፈሳሽ ሲሊኮን ወይም ዘይት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ሰዎች ስለሞቱበትና አካላቸው ስለጎደለበት ነው። ፈሳሹ በሥጋ ውስጥ ይበተናል፣ ከዓመታት በኋላም ያብጣል፣ ይቆስላል፤ ተለቅሞ አያልቅም። በስልክ ላይ ሲያስተዋውቁት ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው ይሏችኋል። በጠንካራው ሲሊኮንና በዚህ ፈሳሽ መካከል ያለው ልዩነት፣ አንዱ ችግር ሲያመጣ የሚወጣ፣ ሌላው የማይወጣ መሆኑ ነው።

በአገራችን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚወስደው የተቃጠለ ሕፃን፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የማይድን ቁስል ነው፤ የካቲት 12 ሆስፒታልን ያየ ሰው ያውቀዋል። በዚህ የተነሳ ገንዘብ ያለው ወደ ኢስታንቡል፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ባንኮክ ያማትራል። ዘመዶቻችሁ ከውጭ «እኔ ልክፈልልሽ» ይሏችኋል። እሺ ከማለታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁት፤ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ነው የሠለጠንከው? ስንት ባት ሠርተሃል? የምታስገባው ነገር ስሙና መለያ ቁጥሩ በጽሑፍ ይሰጠኛል? ዕድገቱን ላልጨረሰ ልጅ ትሠራለህ? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።

ከዚያም የመንገዱን ነገር ጠይቁት። ስፌቱ በአሥረኛው ቀን ቢያብጥ፣ ሲሊኮኑ በዓመቱ ቢንሸራተት፣ እናንተ ያላችሁት ሰቆጣ ወይም አምደወርቅ ነው፤ እሱ ያለው ባሕር ማዶ። የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ይዛችሁ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ስትመጡ የሚቀበላችሁ ሐኪም ውስጣችሁ ምን እንደገባ ማወቅ አለበት። ወረቀቱ በሚነበብ ቋንቋ፣ ከማን ጋር መደዋወል እንደሚቻል ተጽፎበት፣ አውሮፕላኑ ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት በእጃችሁ ይሁን። ለማውጣት ቢያስፈልግ ማን እንደሚያወጣው፣ ማን እንደሚከፍልም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። በአደባባይ መጠየቅ የከበደው በወረቀት ጽፎ ይላክልኝ፤ ስም አያስፈልግም። ሜትሩም እዚህ ጠረጴዛው ላይ አለ።